የወጣውን ዕቃ በእጄ አስይዙኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዚህ ሰሞን ካወጣችኋቸው የአንባቢያን ደብዳቤዎች አንዱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው አሮጌ መኪኖች ሁሉ ከመንገድ ይነሱልን ይላሉ። ላዳንማ በስሟ ጠርተዋታል። እኔ የምነዳው ላዳ ነው። ስለዚህ ተናደድኩ። ቡና አፈላሁ። አቦሉን ስጠጣ ሰውየውን በሆዴ እየሰደብኩ ነበር። ቶናው ላይ በረድ አልኩ። በረካው ላይ ግማሽ እውነት እንዳላቸው ተቀበልኩ። የምጽፍላችሁ ስለ ቀሪው ግማሽ ነው።

የደሴ ሰው ነኝ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው፤ ከጀመርኩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላኝ። የሁለት መኪና ባለቤት ነኝ ብል አልዋሸሁም። አንዷ በእግር የምትረገጠው የስፌት መኪናዬ ናት፣ ሌላዋ ላዳዬ። የመጀመሪያዋ ከእናቴ፣ ሁለተኛዋ ከባለቤቴ የቀሩኝ ናቸው። ሁለቱም አርጅተዋል። ሁለቱም ግን ይናገራሉ። የስፌት መኪና መርፌ መስበር ከመጀመሯ በፊት ድምፅዋን ትቀይራለች። ጆሮ የሰጣት ይሰማታል፤ ያልሰጣት የደንበኛ ቀሚስ ያበላሻል።

ላዳዋ 2105 የምትባለዋ ናት፣ ባለ አራት ማዕዘን መብራቷ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ለብዙ ዓመት ታክሲ ሠርቶባታል። ከፒያሳ ሰኞ ገበያ፣ ከሰኞ ገበያ ቧንቧ ውሃ። ልጆቻችን የተማሩት በእሷ ነው። እሱ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። በ2014 ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ አራቱንም ጎማ አውልቄ፣ ባትሪዋን ነቅዬ፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጫት ነው ከቤት የወጣሁት። ስመለስ እዚያው ነበረች። ጎማ የሌላትን ማን ይወስዳታል? የስፌት መኪናዬን ግን የእህቴ ልጅ በጀርባው አዝሎ ነው ያወጣልኝ። ይኸን ያነሳሁት ለመኪና ብሎን አዲስ ሰው እንዳልሆንኩ እንድታውቁልኝ ነው።

ብዙ ሰው ላዳን የሩሲያ መኪና ይላታል። ልክ ነው፤ እናቷ ግን ጣሊያናዊት ናት። በፈረንጆቹ 1966 ፊያትና ሶቪየት ኅብረት ተዋዋሉ። በ1970 የፊያት 124 ልጅ የሆነችው 2101 ከቶሊያቲ ፋብሪካ መውጣት ጀመረች። የከተማዋ ስም ራሱ የተወሰደው ከጣሊያኑ የኮሚኒስት መሪ ከፓልሚሮ ቶሊያቲ ነው። ከዚያ እስከ ፈረንጆቹ 2012 ድረስ ፊቷንና መብራቷን እየቀያየሩ ቆዩ፤ የፊት እግሯን ግን ብዙም አልነኩትም። ለእኔ የሚጠቅመኝ ይኸ የመጨረሻው ነው። የ2101 የፊት ጆይንት ለእኔዋም ይገጥማል። ዕቃዋ ዛሬም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይገኛል። እንግዲህ ዕቃው እያለ መኪናዋን አሮጌ ብሎ መጣል ምን ይሉታል?

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ነገሩ መካኒኮች ጆይንት ስለሚሉት ዕቃ ነው፤ ሙሉ ስሙ ቦል ጆይንት። ለማያውቀው በስፌት ቋንቋ ልናገር። ልብስ ላይ የሚሰፋ፣ ሲጫኑት ቀጭ ብሎ የሚገጥም የብረት ቁልፍ አለ አይደል? አንዱ ጉጥ አለው፣ ሌላው ጉጡን የሚውጥ ጎድጓዳ ነው። ጆይንትም እንደዚያው ነው። ጉጡ የብረት ኳስ ነው፤ ጎድጓዳው ኳሷን አቅፎ ይይዛታል። በመሃል ግሪስ አለ፣ ከላይ ላስቲክ ይሸፍነዋል። ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ፣ መሪው ሲዞር፣ ኳሷ እዚያ ውስጥ ትሽከረከራለች። ላዳ ከፊት አራት አላት። በየጎማው አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች።

ያ የልብስ ቁልፍ ሲቆይ ምን ይሆናል? ይላላል። መጀመሪያ ይንቀጫቀጫል። ከዚያ አንድ ቀን ሰው መሃል ይከፈታል። ቀሚስ ሲከፈት ሰው ያፍራል፣ በነጠላው ይሸፍናል፣ ያልፋል። ጆይንት ሲከፈት ግን ጎማው መኪናው ሥር ይተኛል። መሪው በእጅህ እያለ መኪናው ያንተ አይደለም።

ላዳ ላይ ደግሞ የታችኛው ይብሳል። ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙ፣ ክንድ የሚባሉ ብረቶች ከላይም ከታችም አሉ፤ ትልቁ ሞላ የተቀመጠው የታችኛው ክንድ ላይ ነው። የመኪናው ክብደት በሞላው በኩል ክንዱን ወደ ታች ይጫነዋል፤ መንገዱ ደግሞ ጎማውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ኳሷን ከጎድጓዳው መንጭቆ ለማውጣት ቀን ከሌት የሚታገል ኃይል አለ። ላስቲኩ ከተቀደደ ጭቃ ይገባል፣ ግሪሱ ይወጣል፣ አሸዋው እንደ ሞረድ ይበላዋል። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ጭቃው ከየት እንደሚመጣ አይጠይቀኝም።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ጋራዥ አስገባኋት። ስሙን አልጠራም፤ ጠላት መግዛት አልፈልግም። ፊቷ ይንኳኳ ነበር። አዩና አራቱም ጆይንት አልቋል አሉኝ። ይቀየር አልኩ። የአራት ጆይንት ዋጋ ከእጅ ዋጋ ጋር ከፈልኩ። ስንት እንደሆነ አልጽፍም፤ ጋዜጣው እስኪታተም ዋጋው ይለወጣል። በአጭሩ የሁለት የሙሽራ ልብስ ስፌት ነው።

ለጥቂት ወር ዝም አለች። ግንቦት ላይ ጨርቅ ላመጣ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ፍሬን ስይዝ ቋ አለች። አንድ ጊዜ። ቀጥሎ ባለው ዙር እንደገና ቋ። መንገዱን ለማታውቁት፣ ደሴ ከባሕር ወለል ወደ 2500 ሜትር ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1900 በታች። ይኸን ሁሉ ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምንወርደው። በአንድ በኩል ገደል ነው፣ በሌላው ጭነት መኪና ነው። ጭጋግ ካለ ሁለቱም አይታዩም። ያን ቀን በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተትኩ ወረድኩ። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ በጥሩንባ አደነቆረኝ።

ጋራዡ ተመለስኩ። አንዱ ልጅ ጎኗን በክሪክ አነሳት፣ ጎማውን ነቅነቅ አደረገው፣ ምንም አይልም አለ። ላዳ ስታረጅ ትጮሃለች፣ መንገዱም ነው አለኝ። ያወጣችሁትን አሮጌ ጆይንት አሳዩኝ አልኩት። እሱማ ቆሻሻ ውስጥ ተጣለ አለ። ሳቀ። ሳቁ ነው ያናደደኝ።

ጎረቤቴ የሰባ አራት ዓመት አዛውንት ናቸው። በደጉ ዘመን ኤንትሬ የሚባለውን የፊያት ጭነት መኪና ነድተዋል፤ ከአሰብ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ። ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን አልደከመም። በር ላይ ስገባ ድምፅዋን ሰምተው ነበር።

«ልጄ፣ ያቺ ነገር ታንኳኳለች።»

«ጋራዥ አይተዋት ደኅና ናት አሉኝ።»

«ከየት ነው ያነሷት?»

«ከጎኗ፣ ከወገቧ።»

«አይ፣ እንዲያ ታዲያ የት ይታያል! ከክንዱ ሥር ነው የሚነሳው።»

ይኸን አስምሩበት። ላዳን ከወገቧ ስታነሷት ጎማው ይንጠለጠላል፤ ሞላው ግን አሁንም ክንዱን እየገፋ ጆይንቱን ወጥሮ ይይዘዋል። የተወጠረ ነገር አይንቀጫቀጥም። ክር ሲወጠር ስንጥቁ እንደማይታየው ማለት ነው። ክሪኩ ከታችኛው ክንድ ሥር፣ ወደ ጎማው ጠጋ ብሎ ሲገባ ግን ሞላው ይታመቃል፣ ጆይንቱ ይፈታል፣ ጉዱ ይወጣል።

እሑድ ጠዋት የእህቴ ልጅ መጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የአውቶ ሙያ ይማራል። አነሳናት። እሱ ጎማውን አንድ እጁን ከላይ፣ አንድ እጁን ከታች አድርጎ ነቀነቀው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። አዛውንቱ ከበርጩማቸው ሳይነሱ «እስኪ ፍሬን ያዥ» አሉኝ። ያዝኩ። አሁንም ቋ። «በይ እንግዲህ ኩሽኔታ አይደለም፤ ጆይንት ነው» አሉ። ጥበቧ ይቺ ናት። የላላው የጎማው ኩሽኔታ ቢሆን፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ከተሸከመው ብረት ጋር ስለሚጣበቅ መንቀጫቀጡ ይቆም ነበር። ሳንቲም አታስከፍልም። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትፈልገው።

ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዤ ሥሯ ገባሁ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠው።

ባለቤቴ አንድ ልማድ ነበረው። ብሎን ባጠበቀ ቁጥር የእኔን ቀይ የጥፍር ቀለም ይወስድና ከዳዶው እስከ ብረቱ ድረስ አንዲት መስመር ይቀባ ነበር። ዳዶው ከላላ መስመሯ ትሰበራለች፤ ሳይነኩ በዓይን ይታወቃል። ስንት ጊዜ ተጣልተንበታል። የምቀባውን ቀይ ከየት ላምጣ እለው ነበር። እንግዲህ በሹፌሩ በኩል የታችኛው ጆይንት ላይ ሦስቱም ዳዶዎች ላይ የኔ ቀይ ነበረ። ከአፈር ሥር፣ ሳይሰበር፣ መስመሩን ሳይስት። እሱ ከሞተ ስድስት ዓመት። ጋራዡ ጥቅምት ላይ ቀየርኩት ያለው ጆይንት ይኸ ነው።

ተኝቼ ትንሽ ቆየሁ። የእህቴ ልጅ «አክስቴ ደኅና ነሽ?» አለ። ደኅና ነኝ አልኩት።

ሌሎቹን አየን። ሁለቱ የላይኞቹ በእውነት አዲስ ናቸው። ሐቁን መናገር አለብኝ። የቀኙ የታችኛው ተነክቷል፤ ግን የገባው ጥቁር ቀለም የተቀባ አሮጌ ነው። በጥፍሬ ስፍቀው ቀለሙ ተነሳ፣ ከሥሩ ዝገት። አያችሁ፣ ቀላሎቹን ሠርተዋል። የታችኞቹ ከሞላው ጋር ትግል ስለሚጠይቁ አንዱን አታልለው፣ አንዱን ዘለውት አለፉ። ክብደቱን የሚሸከሙት ደግሞ እነሱ ናቸው።

የእህቴ ልጅ በግምት መፍረድ አልወደደም። የታችኛው ጆይንት ከሥሩ ትንሽ መድፈኛ አላት። እሷ ትወጣና በካሊፐር ከጆይንቱ የውጭ ገጽ እስከ ውስጠኛው የኳሷ ዘንግ ጫፍ ድረስ ይለካል። ከ11.8 ሚሊ ሜትር ካለፈ ይቀየር ነው ሕጉ። ኳሷ ጎድጓዳውን እየበላች ወደ ላይ ስትወጣ ልኬቱ ያድጋል። የግራው ከ13 አለፈ። የቀኙ፣ ያ ቀለም የተቀባው፣ 12 ከምናምን። አንድ ሚሊ ሜትር ከምናምን ማለት ለልብስ ሰፊ ምንም አይደለም፤ በብረት ላይ ግን እኔም ገባኝ።

የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሁለት አዲስ የታችኛ ጆይንት ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ። በሚቀጥለው እሑድ ግቢያችን ውስጥ ሠራነው። የግራው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። የቀኙ አንድ ሰዓት ተኩል። የመጀመሪያው ለምን ያን ያህል እንደፈጀ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም በቤቱ ልሞክር የሚል ቢኖር የሚሳሳተው እዚያው ላይ ነው።

የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አገድን፤ የእጅ ፍሬን ብቻ አይታመንም። የእህቴ ልጅ ከወገቧ አንስቶ ጎማውን አወለቀና ቀጥታ ዳዶውን ሊፈታ ቁልፉን አነሳ። አዛውንቱ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ። እኔ እንዲህ ፈጥነው ሲነሱ አይቼ አላውቅም።

«ተው! ይኸ ሞላ እንደ አህያ ረግጦ አይተውህም፤ ይገድላል!»

እውነታቸውን ነው። ያ ሞላ የመኪናውን ጥግ የተሸከመ ነው። ጆይንቱ ሲለቀቅ ከሥሩ የያዘው ነገር ከሌለ ክንዱ ይወረወራል፣ ሞላውም ተፈናጥሮ ይወጣል። ስለዚህ መኪናዋ በብረት መደገፊያ ላይ አረፈች። የወለቀው ጎማ ምናልባት ብትወድቅ ብለን ከሥሯ ተጋደመ። ክሪኩ ከታችኛው ክንድ ሥር ገብቶ ሞላውን አምቆ ያዘው። ክሪኩ ሥራው እስኪያልቅ ከዚያ አልተነቃነቀም። የእህቴ ልጅ ጆሮው ቀላ። «አብሽር፣ እኔም በልጅነቴ እንዳንተ ነበርኩ» አሉት።

ትልቁ ዳዶ 22 ቁጥር ነው። ፈታነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ አላወጣነውም። ጥቂት ጥርስ ላይ ተውነው። ዘንጉ ሾጠጥ ያለ ስለሆነ ጎማውን በተሸከመው ብረት ውስጥ እንደ ሽብልቅ ተነክሶ ነው የሚቀመጠው። ድንገት ሲለቅ ዳዶው ይይዘዋል። መንቀያ አልነበረንም። ልጁ የዘንጉን ጫፍ በመዶሻ ሊመታ ሲል ሽማግሌው እንደገና ጮሁ። ጫፉ ከተመታ ጥርሱ ይጨፈለቅና ዳዶውም አይወጣም። የሚመታው ዘንጉ የገባበት ብረት ነው፣ ከጎኑ። አንድ ከባድ መዶሻ በአንድ ጎን ተደግፎ ይያዛል፣ በሌላው ይመታል። ብረቱ ለአፍታ ይለጠጥና ንክሻውን ይለቃል።

ለቀቀ ብላችሁ እንዳታስቡ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተነካ ነገር ነው። መታን፣ ዘይት አፈሰስን፣ መታን። ዝናብ መጣ፣ ሸራ ወጠርን። ቡና ፈላ። የጎረቤት ልጆች ለማየት ተሰበሰቡ። ሽሮ ቀረበ። ከምሳ በኋላ ሁለተኛው ምት ላይ ጧ ብሎ ለቀቀ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ዳዶውን አወጣነውና ጎማውን የሚይዘውን ብረት በሽቦ አንጠለጠልነው፤ በፍሬኑ ቱቦ ላይ እንዳይንጠለጠል። ከዚያ የቀሩት ሦስቱ የ13 ቁጥር ዳዶዎች ናቸው። ባለቤቴ የቀባቸው። እነሱን እኔ ነኝ የፈታኋቸው። ልጁ ልፍታ አለ፤ አይሆንም አልኩት።

መግጠሙ ከመንቀሉ ይቀላል። አዲሱ በላስቲኩ ውስጥ ግሪስ መያዙን አየን፤ ትንሽ ጨመርን። ሦስቱ አዳዲስ ብሎኖች ገቡ። ትልቁን ዳዶ ስናጠብቅ ዘንጉ አብሮ መዞር ጀመረ። ይኸ ብዙ ሰው ያስለቅሳል። ክሪኩን ጥቂት ከፍ ስናደርገው ሾጣጣው ነከሰ፣ መዞሩን ተወ። የእህቴ ልጅ ጥብቀት የሚለካ ቁልፍ ተውሶ መጥቶ ነበር። ወደ 90 ኒውተን ሜትር ላይ አቆመው። ሽማግሌው ያን ቁልፍ አገላብጠው አዩትና «የኛ ክንድ ነበር የሚለካው» ብለው መለሱለት።

በማግስቱ የጎማዎቹን አቅጣጫ በክር ለካሁት። አትሳቁ። ክር እኔን የሚያህል ማን ይወጥራል? ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ በሁለቱም ጎን ወጠርኩ። የላዳ የፊት ጎማዎች ከፊት በኩል ከኋላቸው ይልቅ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ጠበብ ማለት አለባቸው። የኔ 3 መጣ። ኋላ በማሽን አስለካሁት፤ ባለማሽኑ ምንም የሚነካ የለም አለኝ። ይኸን ለባለቤቴ ብነግረው ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ ለዚያ ለአሮጌ መኪና ይነሳ ላሉት አንባቢ የምለው ይኸ ነው። ጭሱን በተመለከተ እሺ፤ እሷም ጠዋት ጠዋት ትንሽ ታጨሳለች፣ አልክድም። ሐረጎ ላይ ልትገድለኝ የነበረችው ግን አርጅታ አይደለም። አንድ ሰው ያልሠራውን ሠርቻለሁ ስላለኝ ነው። በጥቅምት ከፍዬ የወጣሁ ጊዜ እኔ ራሴ መኪናዬ ደኅና ናት ብዬ አምኜ ነበር። አዲስ መኪና ብነዳና እንዲያው ብታለልስ? ከ2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሎ የኤሌክትሪኮቹ እየበዙ ነው። እሰይ። ግን እነሱም ጎማ አላቸው፤ ጎማቸውም በጆይንት ነው የተንጠለጠለው። ባትሪያቸው ከባድ ስለሆነ እንዲያውም ጫናው ይብሳል። እነሱም አንድ ቀን ቋ ይላሉ፤ ያን ጊዜም ባለጋራዡ መንገዱ ነው ይል ይሆናል።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ አንድ ነገር ይጠይቅልኝ። ጋራዥ የቀየረውን ዕቃ፣ አሮጌውን፣ ለባለቤቱ በእጁ የማስያዝ ግዴታ ይኑርበት። ከደረሰኙ ጋር። ቆሻሻ ነው ካሉ ቆሻሻውን እኔ ልጣለው። እኔ ልብስ ሳጠብ ወይም ሳሳጥር የተረፈውን ቁራጭ ጨርቅ ለባለቤቱ ነው የምመልሰው። እናቴ ያስተማረችኝ እንዲህ ነው፤ ቁራጩን ያስቀረ ሰፊ ደንበኛ አያገኝም ትል ነበር። ይኸ ለብረት ሲሆን ለምን ከባድ ይሆናል? ሐቀኛ መካኒክ ምንም አይጎዳበትም። ደሴ ውስጥ ሐቀኞች ሞልተዋል፤ ሳልጠይቃቸው አሮጌውን በወረቀት ጠቅልለው የሰጡኝም አሉ።

ሁለተኛም አለኝ። ለዓመታዊው ምርመራ ስንሄድ መብራትና ፍሬን ይታያል፤ እሱ ጥሩ ነው። እኔ በሄድኩባቸው ጊዜያት ግን ክሪክ ከክንዱ ሥር ገብቶ ጎማዬ ሲነቀነቅ አላየሁም። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። በተለይ በየቀኑ ሰው ጭነው ሐረጎን ለሚወጡና ለሚወርዱ ይታሰብበት።

አሮጌው የግራ ጆይንት አሁን ስፌት ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጨርቅ ስቆርጥ እንዳይንሸራተት ጫፉን የምይዝበት ክብደት ሆኗል። ደንበኞች ምንድን ነው ይሉኛል። ዘንጉን ይዘው እንዲነቀንቁት እሰጣቸዋለሁ። ቋ ይላል። ባለ ሚኒባሱ የጎረቤታችን ልጅ ነቅንቆት ሄደና በነጋታው የራሱን አስነሳ፤ የእሱም ቀኙ አልቆ ተገኘ።

የአዲሶቹን ብሎኖች ዳዶ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። ቀዩ ስላለቀብኝ ሐምራዊ ነው የቀባሁት።

ልብስ ሰፊዋ
ከደሴ